በቅርጫቱ የተቀመጡ ስሞች

መስታወት ሽማግሌ ማስተማር ይሆንልኛል ባይ ነበረች። ሰቆጣ መሀል የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቋን ከከፈተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ስንቱን ጡረተኛ መምህር ኢሜይል አስከፍታለች፣ ስንቷን እናት ዐረብ አገር ካለች ልጇ ጋር በስልክ ፊት ለፊት አስተያይታለች። ትዕግሥት ካለ የማይማር ሰው የለም ትላለች። ትዕግሥቱስ ነበራት። የጎደላት ሌላ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ላብ ላብ ሲላት ከረመች።

ሥራውን የሰጧት የምሥራቀ ፀሐይ ኪዳነ ምሕረት አስተዳዳሪ ቄስ ይግዛው ናቸው። የደብሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር አርጅቷል፤ የተጫነበት ዊንዶውም ከአዲሱ ማተሚያ ጋር አልስማማ ብሏል። አዲሱን ጫኚበትና ሁለቱን ሽማግሎች ከሰኞ እስከ ዐርብ አስተምሪልን አሏት። ሁለቱ ሽማግሎች የተባሉት የደብሩ ጸሐፊ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስና የክርስትና መዝገብ በማረም የሚረዷቸው እማሆይ ወለተ ገብርኤል ናቸው። መሪጌታ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የእማሆይን ዕድሜ ደፍሮ የጠየቀ የለም።

ሰኞ ማለዳ ሁለቱም ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ መስታወት ጽሕፈት ቤቱን አስከፍታ ገባች። ሳይመለሱ ጨርሼ ልጠብቃቸው ብላ ቸኮለች። ሰነዶች የተቀመጡበትን ፎልደር ወደ ራሷ ዲስክ ገለበጠች፤ ፊት ለፊት የተደረደሩትን ደብዳቤዎች ገለበጠች። በስተግራ ጥግ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ጢም ብሎ መሙላቱን አይታ ፈገግ አለች። ሽማግሌው ከጀመሩ አንሥቶ አንድ ቀን እንኳ ቆሻሻቸውን ደፍተው አያውቁም። እሱን ምን ልታደርገው፤ ዲስኩን ፎርማት አደረገችና አዲሱን ሲስተም ጫነች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አፍስሶ መልቀም የሚቻለው ግን የፈሰሰው እህል ሲሆን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንኳ ሳቅ ነበረባቸው። መሪጌታ ዘወትር ከጥግ የሚጀምሩት የመክፈቻ ምልክት ወደ መካከል መምጣቱን ሲያዩ፣ ደጁን ያለፈቃድ ማን አዞረው ብለው ጠየቁ። ማውዙን ሳይጨብጡ በፊት ያማትባሉ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን አልሆንላቸው አለ፤ አንዱን ዛሬ ሁለተኛውን ነገ ነው የሚጫኑት። የይለፍ ቃል ያውጡ ብትላቸው አወጡና፣ ወዲያው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ለዘበኛው ነገሩት፤ ኋላ ቢረሱት እንዲያስታውሳቸው ነው። ምስጢር መሆን እንዳለበት ስትነግራቸው፣ የምደብቀው ነገር ቢኖረኝ ለንስሐ አባቴ እነግር ነበር እንጂ ለሳጥን አልነግርም አሏት።

እማሆይ ማውዙን ጨርሶ አልነኩም። ዓይናቸው ደክሟል፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። መሪጌታ አንድ መስመር በጻፉ ቁጥር ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል፤ እማሆይ ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወይ «ይመለሱ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ መሪጌታ ተመልሰው ያርማሉ። ብራና በሚጻፍበት አገር እርማት የሚደረገው እንዲህ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይሰማል። መስታወት ይህ ጊዜ ይፈጃል ብላ፣ አዲሱ ሲስተም ስሕተትን ራሱ በቀይ እንደሚያሰምር አሳየቻቸው። መሪጌታ ገጹን አዩት። ኮምፒዩተሩ አማርኛ ስለማያውቅ ከሥላሴ ስም ጀምሮ ሁሉንም ቃል በቀይ አስምሮበታል። «ይሄማ ሃይማኖት የለውም» ብለው ወደ እማሆይ ንባባቸው ተመለሱ።

ረቡዕ ጠዋት ነገሩ ተገለበጠ።

የዕለቱ ትምህርት አንድን ጽሑፍ በማውዝ ይዞ ከቦታ ቦታ መጎተት ነበር። መሪጌታ ይህን ከእሷ በላይ ያውቁበታል። የጻፉትን የልምምድ ደብዳቤ ያዙና አንዴም ሳይስቱ ወደ ጥግ ጎትተው ቅርጫቱ ውስጥ አስገቡት። መስታወት ሣቀችና ወደዚያ የሚገባው የሚጣል ነገር እንደሆነ ነገረቻቸው። መሪጌታ ግን አልሰሟትም። ቅርጫቱን ከፍተው እያዩ ነው። ውስጡ ከዚያች ከአንዲት ደብዳቤ በቀር ምንም የለም።

«የነበሩትን ወዴት ወሰድሻቸው?» አሉ። በቁጣ አልነበረም። ዕቃ ያዛወረችን የቤት ሠራተኛ እንደሚጠይቁ ነው የጠየቋት።

«የትኞቹን?»

«ስሞቹን።»

ከዚያ አስረዷት፤ ያስረዷትም ጉዳዩ ለእሷ አዲስ ስለሆነ ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሥራውን ሲጨርስ ሜዳ ላይ አይውልም፣ ቢቀደድም አይጣልም፤ ዕቃ ቤት ይገባል። ሲፈለግ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ተመልሶ ይገባል። ይህን ኮምፒዩተር ከሰባት ዓመት በፊት ሲያመጡላቸው ጥግ ላይ ያለችውን ቅርጫት አይተው ዕቃ ቤቱ ይህ ነው አሉ፤ አይደለም ያላቸው ሰው አልነበረም። በየወሩ አንድ ገጽ ይሞላል፤ ሲሞላ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። ሰማንያ ስድስት ገጽ፣ ስድስት መቶ አርባ ስም።

ስሙ ደግሞ የተራ ስም አይደለም። ከዝቋላ፣ ከደሃና፣ ከሰቆጣ ዙሪያ ወደ ጅቡቲ በረሃ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ከመንገዱ በፊት ይህች ደብር መጥቶ ይባረካል። መሪጌታም የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና የእናቱን የክርስትና ስም ይጽፋሉ። ሰው ሲጸለይለትም ሲፈታም የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነውና። የገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ በጦርነቱ ጊዜ አልቋል፤ መሪጌታ መጀመሪያ የጻፉባቸው ደብተሮችም በዚያው ወራት ማገዶ ሆነው ቀሩ። የተረፈው የኮምፒዩተሩ ሳጥን ብቻ ነበር፤ በፍየል ቆዳ ጠቅልለው የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረውት ስለነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» አሉ መሪጌታ፣ ሳጥኑን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ።

ከጦርነት የተረፈውን መስታወት በአንድ ማለዳ ጨርሳዋለች። ያኔ እውነቱን ብትናገር ነገሩ በሦስት ሰው መካከል ያልቅ ነበር። አፏ ግን ቀደማት፤ ሌላ ቦታ እንዳስቀመጠቻቸው፣ ለማውጣት ዲስኩን ሱቅ መውሰድ እንዳለባት ተናገረች። መሪጌታ አመሰገኗት። ምስጋናቸው ከእርግማን ይልቅ ከበዳት።

ዲስኩን ነቅላ ወደ ሱቋ ሮጠች። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሥታ ከፊቱ ተቀመጠች። በአሮጌው ላይ አዲስ ሲስተም ተጭኖበታል፤ በዚያ ላይ ሽማግሌው ሁለት ቀን ሙሉ የልምምድ ደብዳቤ ሲጽፉበት ከርመዋል፤ ያስቀመጧቸው እያንዳንዳቸው ከበታች ያለውን ሳይደፍቁት አልቀሩም። ራሷ ናት ይጻፉ፣ ይለማመዱ ያለቻቸው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ዛሬ ሥራ የለም ትላለች። መብራት አንዴ ሄዶ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመረች። በማግስቱ ሐሙስ ረፋድ ላይ ፕሮግራሙ ፍለጋውን ጨረሰ። ከሰማንያ ስድስቱ ገጽ ዐሥራ አንዱ ተገኘ። የቀረው እንኳን ስም ፊደልም አልሆነ።

ዐሥራ አንዱን ይዛ ስትመለስ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እንግዳ አገኘች። መሰረት ትባላለች፤ ከዝቋላ ገጠር አንድ ቀን በእግር ተጉዛ፣ ከዚያ በመኪና ተሳፍራ ነው የመጣችው። አማርኛዋ ውስጥ የአገሯ ቋንቋ የኽምጣና ዜማ አለ። መሪጌታ እህል አስቀርበውላት ሳትነካው ተቀምጣለች።

ጉዳይዋን ለመስታወት የነገሯት መሪጌታ ናቸው። ወንድሟ ቢምረው ከስምንት ወር በፊት ተመዝግቦ ሄዷል። በረሃው ላይ መሞቱን አብረውት የነበሩ ልጆች በስልክ አረዷቸው። ዐርባው እሑድ ይሞላል፤ ፍትሐቱ ግን እስካሁን አልተደረገም፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ። እናታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ዐርፋለች። አባትየው ዕድሜ ተጫጭኖት ረስቷል። የክርስትና አባቱም ያጠመቁት ቄስም በሕይወት የሉም። ቢምረው ግን ሲሄድ ለመሰረት፣ ስሜን ሰቆጣ ለመሪጌታ ሰጥቻለሁ ብሏት ነበር።

«በዐርባ ቀኑ የተሰጠው ስም በዐርባ ቀኑ ተፈለገ» አሉ መሪጌታ። «ደግነቱ ተጽፏል። አንቺ ልጄ፣ አገኘሽው?»

መስታወት ዐሥራ አንዱን ገጽ በልቧ አገላበጠች። ቢምረው የለበትም፤ ሱቅ ውስጥ ስሞቹን ሦስት ጊዜ አንብባቸዋለች። ገና እየወጣ ነው፣ ነገ ይደርሳል አለች። መሰረት ቀና ብላ አየቻትና እግዜር ይስጥልኝ አለቻት። ነገ ከቀትር በፊት ካልተሳፈርኩ እሑድ አልደርስም፣ ቄሱም ማኅበሩም ይጠብቁኛል ብላ ጨመረች። መስታወት ዲስኩን መልሳ ገጥማ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ሆና ክፉ ሐሳብ መጣባት። ክፉ መሆኑን እያወቀች ነው ያሰበችው። አንድ የክርስትና ስም ብትፈጥርስ? ገብረ ማርያም ብትልስ? ሰቆጣ ውስጥ ከደጀ ሰላም ቆሞ ገብረ ማርያም ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ሕዝብ ያዞራል። ሟቹ ተነሥቶ አይመሰክርባት፣ መሪጌታ ስድስት መቶ አርባ ስም አያስታውሱ። እኅትየዋ ታርፋለች፣ አባትየው ያርፋል፣ ቄሱ ይፈታሉ። እግዚአብሔርስ ማን እንደሞተ አያውቅም? ይህን ሁሉ አስባ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ገብረ ማርያም» ብላ ጻፈችና ኪሷ ከተተችው። ወረቀቱ ጣት አይሞላም፤ እሷ ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ድንጋይ የተሸከመች ይመስል ወደ አንድ ጎን እያዘነበለች ነበር።

ዐርብ ጠዋት ሦስቱም እየጠበቋት ነበር። መሪጌታ ኮምፒዩተሩን ራሳቸው አብርተው የይለፍ ቃሉንም አስገብተውታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ታጨበጭብላቸው ነበር። እማሆይ ከመስኮቱ ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። መሰረት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለመንገድ ተዘጋጅታ ቆማለች።

«ተገኘ?» አለች መሰረት።

መስታወት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ወረቀቱን ጣቷ ነካው።

መስታወት ያላመነቻት መስሏት ነው መሰል፣ መሰረት ማስረዳት ጀመረች። «አስቸገርኩሽ አውቃለሁ እኅቴ። ሬሳው የለ፣ መቃብሩ የለ። ልብሱ እንኳ አልመጣልን። የቀረን ስሙ ብቻ ነው።»

መስታወት እጇን ባዶውን አወጣች።

«ስሙ የለም» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሰኞ ዕለት ቅርጫቱን ሞልቶ አየሁት፤ ቆሻሻ መሰለኝና ደመሰስኩት። ረቡዕ መሪጌታ ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። ትናንትም አንቺን ዋሸሁሽ። ዐሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው የተረፈው፤ ወንድምሽ እዚያ ውስጥ የለም።»

መሰረት ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መዳፎቿን ማየት ያዘች። መስታወት ብትጮህባት፣ ብትሰድባት በወደደች ነበር።

መሪጌታ ከሳጥኑ ወደ መስታወት ዞሩ። «ረቡዕ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ፣ «ለብቻችን እንጨርሰው ነበር።» መስታወት ይህን ተግሣጽ አድርጋ ወሰደችው፤ ይገባኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

በዚህ መካከል እማሆይ ከመስኮቱ ሥር ተናገሩ።

«እኔ ዘንድ አሉ።»

ሁሉም ዞሩ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። መሪጌታ ለእርማት ሲያነቡልኝ እሰማ የለም ወይ አሉ። ሰባት ዓመት የሰሙትን ስም ሁሉ ጠዋት ጠዋት በተራው ለእግዚአብሔር ይጠሩለታል፤ የክርስትና ስሙንና የእናቱን የክርስትና ስም። የዓለም ስማቸውን ለመሪጌታ ትቼዋለሁ፣ እሱ እግዜር ዘንድ አያስፈልግም አሉ። ሞታቸውን ያልሰማሁላቸው ይኖራሉና አንዱንም ከተራው አላወጣሁም ብለው ጨመሩ።

መሰረት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። የወንድሟን ባታውቅም የእናቷን የክርስትና ስም ታውቃለች፤ የእናቷን ተዝካር ያወጣችው እሷ ናት። ወለተ ሐዋርያት። በዚያ አገር በዚህ ስም የተጠራች ሌላ ሴት ሰምታ አታውቅም። እናቱ ወለተ ሐዋርያት የሆነች ልጅ ሲጠራ እሱ ነው ማለት ነው።

መስታወት እፎይ ልትል ስትል የመሪጌታን ፊት አየች። ደስታ አልነበረበትም። ሽማግሌው ተነሥተው በመሰረትና በእማሆይ መካከል ቆሙ። አንቺ ልጄ ወጣ ብለሽ ፀሐይ ሙቂ፣ እኔና እማሆይ እናገኘዋለን አሏት። መሰረት ግን እምቢ አለች። የወንድሜን ስም በጆሮዬ እሰማለሁ፣ ደግሞ መኪናው ሊነሣ ነው አለች። መሪጌታ ለሁለተኛ ጊዜ ሊለምኗት አፋቸውን ከፈቱ፤ እማሆይ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጀምረው ነበር።

«አቤቱ መንገደኞችህን አስብ። ገብረ መድኅን፣ የወለተ ትንሣኤ ልጅ። ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የአመተ ማርያም ልጅ። ወለተ ኪዳን፣ የፍቅርተ ሥላሴ ልጅ...»

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ አይፈጥንም አይዘገይም። በአንድ ስም አንድ የመቁጠሪያ ፍሬ ያልፋል። መስታወት ገጽ በገጽ የደመሰሰችው ሁሉ አሁን ሰው እየሆነ በፊቷ ሲያልፍ ሰማች። መቶ ሞላ። ሁለት መቶ ሞላ። መሰረት ትንፋሽዋን ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እናቶቹን ብቻ ትከተላለች። ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ፤ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። አምስት መቶ አለፈ። ቢዘሉትስ? አንዱ ቀን መሪጌታ ሳያነቡላቸው ቀርተው ከሆነስ? መስታወት ኪሷ ውስጥ ያለችውን ብጣሽ ወረቀት እስክትበጣጠስ ድረስ በጣቷ ፈተገቻት።

«...ገብረ ኢየሱስ፣ የወለተ ሐዋርያት ልጅ።»

መሰረት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ ያኔ ወረደ። ገብረ ኢየሱስ፣ ገብረ ኢየሱስ እያለች ወንድሟን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ስም ጠራችው። መስታወትም አብራት አለቀሰች፤ ከእፍረትም ከእፎይታም ነው፤ የትኛው እንደሚበዛ ራሷም አላወቀችም።

«በቃ እማሆይ፣ ተገኘ» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ጠንከር ያለ ነበር። «ይበቃል፣ ያቁሙ።»

እማሆይ አላቆሙም። የመንገደኞች ጸሎት ከመካከል አይቆረጥም፤ ከቆረጡት ያልተጠሩት ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፍሬውን እያሳለፉ ቀጠሉ። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው የእማሆይን ትከሻ ሊነኩ ፈለጉና መልሰው ሰበሰቡት። በጸሎት ላይ ያለችን መነኩሲት መንካት አልቻሉም። መስታወት ሽማግሌው የተቆጡት በእሷ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። የፈሩት ነገር አለ፤ የፈሩትም ገና አልመጣም።

አምስት መቶ አለፈ። መሰረት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ የመንገድ ስንቋን አንሥታ፣ ጸሎቱ ሲያበቃ የእማሆይን እጅ ስማ ለመውጣት ቆማ ትጠብቃለች። ስድስት መቶ ሞላ።

«...ወለተ ሰንበት፣ የወለተ ሐዋርያት ልጅ።»

ስንቁ ከመሰረት እጅ አልወደቀም። አጥብቃ ያዘችው እንጂ። እማሆይ የቀሩትን ሠላሳ ያህል ስሞች ጠርተው፣ አማትበው፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ ሁሉም እንደ ቆመ ነበር።

«እናቴ ሦስት ነው የወለደች» አለች መሰረት። ቀስ ብላ፣ ልክ እንደሚቆጥር ሰው። «ቢምረውን፣ እኔን፣ የትናየትን። የትናየት ኮምቦልቻ ናት። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራ።»

መሪጌታ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። ከሦስት ወር በፊት፣ በሰኔ፣ መጥታ ተባርካለች። አንድ ጓደኛዋ አብራት ነበረች። እንዳይናገሩ በመስቀሉ አስምላቸዋለች፤ ደርሼ እኔው እደውልላቸዋለሁ ብላ። ወንድሜ ቢምረው ቀድሞኛል፣ እከተለዋለሁ ብላ ነው የሄደችው፤ ያኔ ገና አልሞተም ነበር። ትናንት መሰረት ስትመጣ ከሞት መርዶ ላይ ሌላ መርዶ እንዴት እጨምራለሁ ብለው መሐላቸውን ይዘው ዝም አሉ።

ረቡዕ ብትነግሪኝ ለብቻችን እንጨርሰው ነበር ያሉት ይህን ኖሯል። መስታወት የዋሸችው ውሸት የሌላ ሰው ምስጢር በአደባባይ እንዲዘረገፍ ደጁን እንደከፈተ አሁን አየችው። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ማንን፣ ስለየቱ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ጠፋት።

መሰረት ስልኳን አወጣች። ደወለች። ያ የለመዱት የሴት ድምፅ ብቻ መለሰላት፤ የደወሉላቸውን ማግኘት አይችሉም። ለአባቷ በየሳምንቱ የየትናየት ስልክ ተበላሽቶ ነው ስትለው የከረመችው ራሷ ናት። ስልኩን መልሳ አስቀመጠችና ወደ እማሆይ ቀረበች።

«እሷን ከየትኞቹ ጋር ነው የሚጠሯት? ከሕያዋን ነው ከሙታን?»

«መንገደኛ ሕያው ነው ልጄ» አሉ እማሆይ። «ወሬ እስኪመጣ ሕያው ነው።»

መሰረት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ለቄሱ የሚሰጥ ወረቀት ይጻፍልኝ አለች። መስታወት ወደ ወንበሩ ስትራመድ መሪጌታ ቀደሟት። ተይኝ፣ አሳይተሽኛል አሏት። ተቀምጠው አማተቡ። በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ፤ ጻፉና ለእማሆይ ጮክ ብለው አነበቡ። ገብረ ኢየሱስ፣ የወለተ ሐዋርያት ልጅ። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሥሩም ወለተ ሰንበት፣ የወለተ ሐዋርያት ልጅ። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታ ጽሑፉን ሲያስቀምጡ የማውዙ ቀስት እንደ ልማዱ ወደ ጥግ፣ ወደ ቅርጫቱ ጉዞ ጀመረ፤ ከመካከል ቆሙና መልሰው ስሞቹ ይቀመጡበት ብላ መስታወት ወደከፈተችው ፎልደር ወሰዱት። ማተሚያው አጉረመረመና ወረቀቱን ተፋ።

መሰረት ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ሁለቱ ስሞች አንዱ ከአንዱ ሥር ሰፍረዋል። ትንሽ አየቻቸውና ወረቀቱን ለመሪጌታ መልሳ ዘረጋችላቸው።

«ለየብቻ ይሁንልኝ መሪጌታ» አለች። «እሑድ ቄሱ ከእሱ ጋር አብረው እንዳያነቧት።»

መሪጌታ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። የት እንደሚጫኑ መስታወትን ሳይጠይቁ ሁለት ወረቀት አወጡ።